እሸት፣ ወባና የካልዲ ፍየሎች፦ ጅማ ላይ ሳንጠይቅ የምናምናቸው ነገሮች

«የበቆሎ እሸት ወባ ያመጣል»

ጅማ አካባቢ አድጎ ይህን ያልሰማ አለ ለማለት ይከብዳል። ወባን የምታስተላልፈው ግን ሴቷ አኖፊለስ ትንኝ ናት። እሸት በልቶ ወባ የያዘው የለም።

ታዲያ እናቶቻችን ዝም ብለው ነው ያወሩት? አይደለም። ያዩትን በደንብ አይተዋል። ክረምቱ ሲወጣ እሸቱ ይደርሳል፤ ያኔውኑ ወባውም ይነሳል። ሁለቱንም ያመጣው ዝናቡ ነው። በቆሎውን ያበቅላል፣ ያቆረው ውኃ ደግሞ ትንኝ ያፈላል። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ሰው ከተነደፈ በኋላ እስኪታመም ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ትኩሳቱ ሲመጣ የዛሬ ሁለት ሳምንት የነደፈችንን ትንኝ ማን ያስታውሳል? ትዝ የሚለን ትናንት የጋጥነው በቆሎ ነው።

ደስ የሚለው ደግሞ የሚቀጥለው ነው። እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች የበቆሎ አበባ ብናኝ ውኃ ላይ ሲያርፍ የትንኝ እጮች እየተመገቡት በደንብ እንደሚያድጉ አሳይተዋል። ስለዚህ እሸት ብሉ፣ በቆሎውን ግን ከመኝታ ቤት መስኮት ራቅ አድርጋችሁ ዝሩ። «የድሮ ሰው ወሬ» ብሎ የሳቀ ሰው ይህ ያመልጠው ነበር።

«የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም»

ይሠራል እንጂ! የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ወባ ከረግረግ በሚነሳ መጥፎ አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ረግረጉን አዩ፣ ትንኟን አላዩም። ከእሸቱ ታሪክ በምን ይለያል? ሮናልድ ሮስ የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። እንዲያውም የተማረ ሰው ለተሳሳተው ሐሳብ ጥሩ ጥሩ ምክንያት መደርደር ስለሚችልበት እሱን መመለስ ይበልጥ ይከብዳል።

«ትልቅ ሰውን መጠየቅ ንቀት ነው»

ሽማግሌዎች ራሳቸው ሲያስታርቁ ምን ያደርጋሉ? የአንዱን ወገን ብቻ ሰምተው አይፈርዱም። «ማን አየ? አንተ ነበርክ ወይስ ነገሩህ?» ይላሉ። «ጋሼ፣ ይህን ከማን ሰሙት?» ማለትም ያው ነው። አጠያየቁ ላይ ትሕትና ይጨመርበት፣ በቃ።

«ቪዲዮው አለ፣ በዓይኔ አየሁት»

ያያችሁት ጎርፍ ነው። «አዌቱ ወንዝ ሞልቶ ጅማን አጥለቀለቀ» የሚለው ግን የለጠፈው ሰው ቃል ነው። ጎርፉ የሌላ አገር፣ ወይም የዛሬ አምስት ዓመት ሊሆን ይችላል። እዚያው ጅማ፣ ሄርማታ ወይም መርካቶ ሰፈር ያለ ወዳጃችሁ ጋ ደውሉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«ብልህ ሰው ምንም አያምንም»

ይህ ስንፍና ነው። ሁሉን ማመንም ሁሉን አለማመንም ከማጣራት ድካም ይገላግላል። «አጎበር የነጋዴ ወሬ ነው» ብሎ የተኛውን ትንኟ አትምረውም።

«ቡና የኛ መሆኑን የካልዲ ታሪክ ያረጋግጣል»

እዚህ ላይ ጅማ ውስጥ ጠብ እንዳላነሳ እፈራለሁ። ቡናን አገኙ ስለሚባሉት እረኛና ፍየሎቹ በጣም የሚታወቀው የጥንት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም የታተመው ነው። እዚያ ላይ ካልዲ የሚባል ስም የለም፤ ነገሩ የሆነውም የመን ነው ይላል። እና ቡናው የየመን ሊሆን ነው? በፍጹም። የአረቢካ ቡና መገኛ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መሆኑን የሚመሰክረው ሌላ ነገር ነው። ተክሉ እስካሁን በጫካችን ውስጥ የዱር ሆኖ ይበቅላል፣ የዘር ብዝኃነቱም እዚህ ከየትም ይበልጣል። ጎማ ወረዳ ጮጬ ነው የተገኘው ወይስ ቦንጋ አጠገብ ማንኪራ? እሱን ክርክር ፍየሎቹ አይፈቱትም። አቦል ላይ ከተነሳ ደግሞ በረካም አይበቃውም።