ስለጠፋው የሲያትል ሲክስ ስታዲየም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሲያትል የሚኖር አበሻ የሬይኒየር አቬኑውን ሎውስ ሳያውቅ አይቀርም። ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ትልቁ የቤት ዕቃና የግንባታ መደብር ማለቴ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ከ1938 እስከ 1979 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲክስ የሚባል የቤዝቦል ስታዲየም ነበር። ያሠራው የቢራ ፋብሪካ ባለቤቱ ኤሚል ሲክ ነው። ቡድኑንም በቢራው ስም ሬይኒየርስ አለው። የሐረር ቢራን ክለብ ለሚያስታውስ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለ ስታዲየሙ ብዙ ይወራል፤ ብዙውም ስህተት ነው።

«ማይነር ሊግ ነው፣ የሰፈር ጨዋታ ነበር»

ማይነር ሊግ የሚባሉት ከትልቁ የአሜሪካ ቤዝቦል፣ ከሜጀር ሊግ፣ በታች ያሉት ሊጎች ናቸው። እስከ 1958 ድረስ ግን በፓሲፊክ ዳርቻ አንድም የሜጀር ሊግ ቡድን አልነበረም። ለሲያትል፣ ለሎስ አንጀለስና ለሳን ፍራንሲስኮ ሰው ትልቁ ቤዝቦል ፓሲፊክ ኮስት ሊግ ነበር። በ1952 ሊጉ ከሌሎቹ ማይነር ሊጎች ሁሉ ከፍ ያለ የራሱ ደረጃ ተሰጠው። በዚሁ ሊግ የሚጫወተው ሬይኒየርስ ደግሞ ከ1939 እስከ 1941 ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጥቷል።

«ፍሬድ ሃች የካንሰር ሐኪም ነበር»

በከተማዋ ያለውን ፍሬድ ሃች የሚባል ዝነኛ የካንሰር ማዕከል የሚያውቁ ብዙዎች እንደዚህ ያስባሉ። ፍሬድ ሃቺንሰን ግን ኳስ ወርዋሪ ነበር። የተማረው ከስታዲየሙ አጠገብ ባለው ፍራንክሊን ሃይስኩል ነው። በ1938 ገና በ18 ዓመቱ ለሬይኒየርስ መጫወት ጀመረ። 19ኛ ድሉን ያገኘው 19 ዓመት በሞላበት ቀን ነው። ዓመቱን በ25 ድል ጨረሰና ወደ ዲትሮይት ተሸጠ። በ1955 አሠልጣኝ ሆኖ ተመለሰና ሬይኒየርስን ሻምፒዮን አደረገ። በ1964 የሳንባ ካንሰር ገደለው፤ ገና 45 ዓመቱ ነበር። ሐኪሙ ወንድሙ ዊልያም ነው፤ በ1975 ማዕከሉን ከፍቶ በፍሬድ ስም የሰየመውም እሱ ነው።

«የድሮውን ሜዳ ያቃጠለው ርችት ነው»

ከሲክስ በፊት እዚያው ቦታ ላይ ዱግዴል የሚባል የእንጨት ስታዲየም ነበር። በ1932 በአሜሪካ የነጻነት በዓል ሰሞን ስለተቃጠለ ጥፋቱ በርችት ተላከከ። በኋላ ግን ሕንጻ እያቃጠለ ይዞር የነበረ ሰው ተይዞ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ አለ።

«ፓይለትስን ያከሰረው ስታዲየሙ ነው»

ግማሽ እውነት አለው። በ1969 ሲያትል የመጀመሪያዋን የሜጀር ሊግ ቡድን ፓይለትስን ስታገኝ ሲክስ አርጅቶ ነበር። በመክፈቻው ቀን እንኳ ወንበር ገና እየተገጠመ ነበር። ትኬት የገዛ ሰው አናጢዎቹ እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቀ። ሕዝብ ሲበዛ የውሃው ግፊት ይወርድና ሽንት ቤቱ ያስቸግር ነበር።

ዋናው ጣጣ ግን ጥድፊያው ነው። አዲሶቹ ቡድኖች የታሰቡት ለ1971 ነበር። ካንሳስ ሲቲ ቡድኗ ወደ ኦክላንድ ሲሄድባት የሚዙሪው ሴናተር ስቱዋርት ሲሚንግተን ተቆጡ። የቤዝቦልን ሕጋዊ ከለላ (ከጸረ ሞኖፖል ሕግ ነጻ መሆኑን) እናስነሳለን ብለው ሊጉን አስፈራሩ። ሊጉም ደንግጦ ለካንሳስ ሲቲ በ1969 ቡድን ሰጠ። ቁጥሩ ጎዶሎ እንዳይሆን ደግሞ ሲያትልም አብራ ገባች። ባለቤቶቹ በቂ ገንዘብ አልነበራቸውም። ቡድኑ 98 ጨዋታ ተሸንፎ በዓመቱ ከሰረና ሚልዋኪ ሄዶ ብሩወርስ ተባለ። ለእኔ ስታዲየሙ የተወቀሰው በሰው ጥፋት ነው።

«ከቤዝቦል ሌላ ምንም አልተደረገበትም»

ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1957 ዘፍኖበታል። ከተመልካቾቹ አንዱ የ14 ዓመቱ የከተማዋ ልጅ ጂሚ ሄንድሪክስ ነበር። በሐምሌ 1970 ሄንድሪክስ ራሱ እዚያው ሜዳ ላይ በዝናብ ጊታሩን ተጫወተ። ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ።

«ማሪነርስ የፓይለትስ ቀጣይ ነው፤ የጀመረውም ሲክስ ነው»

አይደለም። የአሁኑ የሲያትል ሜጀር ሊግ ቡድን ማሪነርስ በ1977 የተጀመረው ኪንግዶም በሚባለው ሌላ ስታዲየም ነው። የተገኘውም በክስ ነው፤ ፓይለትስ ሲወሰድ የዋሽንግተን ግዛት ሊጉን ፍርድ ቤት ገተረች፤ ሊጉም ክሱ እንዲቀር አዲስ ቡድን ሰጣት። ሲክስ በበኩሉ እስከ 1976 ድረስ የታችኛው ሊግ ቡድን ይጫወትበት ነበር።