የመስከረም ደጃፍ በሐረር

ሐረር ላይ ስለ ደጅ ማስጌጥ ሲነሳ መጀመሪያ «የትኛው ደጅ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው ነባር ቤት ለመንገደኛ የሚያሳየው ቀለም የተቀባ ግድግዳና አንድ በር ነው። በረንዳ የለውም። ጌጡን ለማየት በሩን አልፎ ግቢው ውስጥ መግባት፣ ከዚያም ጫማ አውልቆ ወደ ቤት መዝለቅ ያስፈልጋል። ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ ግን በረንዳ ያላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። እዚያ ጌጡ ላላፊ አግዳሚም ጭምር ነው። አንድ ከተማ ውስጥ ቤት ማሳመር በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ።

ወቅቱ መጸው ነው፤ ጥቢ የሚሉትም አሉ። በዘመን አቆጣጠራችን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። ቤት የማሰማመሩ ሥራ ግን ቀደም ብሎ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ይጀመራል። ክረምቱ ግድግዳ ይጎዳል። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ቤት ዝናቡ ሲያባራ መጠገን፣ መለሰን፣ መቀባት ይፈልጋል። በጀጎል ቀጫጭን መንገዶች ላይ የምናየው ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሮዝ ግድግዳ እንዲያው አምሮ የሚቆይ አይደለም። በየጊዜው የሚያድሰው እጅ አለ።

በረንዳ ላይ የመጀመሪያው ጌጥ አደይ አበባ ነው። ማንም አይተክለውም። ዝናቡ ሲያበቃ ሜዳውንና የመንገዱን ዳር ቢጫ አድርጎ ይወጣል፣ ጥቂት ሳምንት ይቆያል፣ ይጠፋል። ልጃገረዶች ከቄጤማ ጋር አስረው ከደጅ ደጅ እየዘፈኑ ይዞራሉ። ወንዶቹ ልጆች ደግሞ በወረቀት ላይ አበባና ፀሐይ ስለው ለጎረቤት ያበረክታሉ። ያ ወረቀት በብዙ ቤት በር ላይ ወይም የመስኮት መስታወት ላይ ተለጥፎ ይከርማል። ለእኔ ከሱቅ ከሚገዛ ከማንኛውም ጌጥ ይበልጥብኛል። ልጁ በርትቶ የሣለው ስለሆነ በቶሎ መቅደድ ነውር ነው።

አበባ መትከያው ብዙ ጊዜ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ወይም የተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ነው። ሥሩ በሚስማር ይበሳል፣ ላዩ የግድግዳው ትራፊ ቀለም ይቀባል። ጠጅ ሳር፣ ጤና አዳምና አሪቲ ይተከልበታል። እነዚህ ከማማራቸው በላይ ሽታቸው ይፈለጋል። ጤና አዳሙ ቡናው ውስጥ ስለሚገባ በረንዳው ላይ ያለው ጌጥ ወደ ስኒም ይወርዳል።

ቅልም አለ። ቅል ከደረሰ በኋላ ውስጡ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ በጥላ ይደርቃል። የደረቀው ቅል የወተት ወይም የውሃ ዕቃ ይሆናል። ቅርጹ የጠመመው ግን በገመድ ታስሮ በረንዳ ላይ ይሰቀላል። እኛ ቤት አንገቱ እንደ ዳክዬ የታጠፈ አንድ ቅል ነበረ። እናቴ ለሥራ አይሆንም ብላ ሰቀለችው፣ ለዓመታትም አልወረደም። መኸሩ ሲቃረብ የማሽላ ዛላ አብሮት ይታሰራል። ማሽላ የሐረርጌ ዋና እህል ስለሆነ ዛላውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ የለም።

የከተማዋ ሌላው ስጦታ ብጣሽ ጨርቅ ነው። መኪና ግርግር የሚባለው የጀጎል መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ የሚጥሉትን ብጣሽ የሚለቅሙ ሴቶች አሉ። አንዲት ጎረቤታችን በየመጠኑ ቆርጣ፣ በገመድ ላይ አስራ፣ የበር መጋረጃ ትሠራበት ነበር። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ቀለም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል።

ከሁሉም ሰፊው ሙያ ግን የሳር ስፌት ነው። ስንደዶና አክርማ የዱር ሳር ናቸው። ክረምቱ ሲወጣ ይለቀማሉ፣ ይደርቃሉ፣ ከፊሉ ቀለም ይነከራል። የተቀለመው አለላ ይባላል። ሰፊዋ ሳሩን በውሃ ታለሰልሳለች። ከዚያ የሳሩን እስር እያዞረች፣ በወስፌ እየበሳች፣ በቀጭኑ ሳር እየጠመጠመች ትሰፋለች። ንድፉ ወረቀት ላይ የለም። ስንት ዙር ቀይ፣ ስንት ዙር ጥቁር እንደሚሄድ በራሷ ትቆጥራለች። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ኮከቡ ይጣመማል፣ የተሰፋውም ይፈታል። አንድ ጥሩ ስፌት ወራት የሚፈጀው ለዚህ ነው። ሐረሪዎች ልጃገረዶች በአንዲት ባለሙያ ሴት ዘንድ ተሰብስበው ስፌት የሚማሩበትን ቤት ሞይ ጋር ይሉታል።

ይህ ስፌት ነው የጀጎሉን ቤት ወደ ውስጥ የሚያስጌጠው። ጊድር ጋር በሚባለው ዋና ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉ። አባወራው የሚቀመጥበት አሚር ነደባ በሩን ፊት ለፊት ያያል። ወለሉና መደቦቹ በቀይ አፈር ይቀባሉ። ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. ሐረሪዎች ከምኒልክ ጦር ጋር በተዋጉበት በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል እየተባለ ይነገራል። ከመደቦቹ በላይ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ይሞላል። ስፌቱ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሰቀላል። ከፊሉ ለሠርግ የተሠራ ነው፣ ከፊሉ ከእናት የተወረሰ። ስለዚህ አዋቂ ሴት ግድግዳውን አይታ የቤቱን ታሪክ ታነባለች። ያረጁ ስፌቶችን በቅርበት ለማየት የሚፈልግ ሰው ራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ወዳለው የሸሪፍ ሙዚየም ይሂድ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያሻል። የሙስሊም ቤት ዋና ማደሻ ጊዜ መስከረም አይደለም። ሮመዳንና ዒድ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድመው ይመጣሉ። ከሮመዳን በኋላ ስድስት ቀን ተጹሞ የሚከበረው የሐረሪዎቹ ሸዋል ዒድም እንዲሁ ይዞራል። ስለዚህ በአንዳንድ ዓመት የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ቤት ማደሻ ጊዜ ይገጥማል፣ ቀለም ሻጭም አያርፍም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ስለተመዘገበ የነባር ቤት ባለቤት ሲያድስ ቅርጹን እንዳያጠፋ መጠንቀቅ አለበት። በኖራና በቀይ አፈር ፈንታ ሲሚንቶና ሴራሚክ ሲገባ ማየት ያሳዝነኛል። ሲሚንቶው ከጭቃና ድንጋዩ ጋር አይስማማም፤ እርጥበት ይዞ ግድግዳውን ከውስጥ ይጎዳል።

አደዩ በጥቅምት ይረግፋል። ቄጤማው ቀድሞ ደርቆ ተጠርጓል። ኅዳር ላይ በረንዳው ላይ የሚቀሩት ቅሉና የማሽላው ዛላ ናቸው። ያኔ ፀሐዩ ለስለስ ይላል፣ ሴቶቹም ከሰዓት በኋላ ስፌታቸውን ይዘው ደጅ ይወጣሉ። ቡና ሲጠራ ያልተጨረሰው ሰፌድ ወስፌው እንደተሰካበት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይቆያል።