ሸናንዶዋ፦ ውሻ የሚገባበት ፓርክ

አሜሪካ ውስጥ ውሻ ይዞ ብሔራዊ ፓርክ መሄድ ብዙ ጊዜ መኪና ማቆሚያው ላይ ያበቃል። አብዛኞቹ ፓርኮች ውሻን አስፋልቱና ድንኳን መትከያው አካባቢ ብቻ ይፈቅዳሉ። ጫካው ውስጥ የሚገባው የእግር መንገድ ክልክል ነው። ቨርጂኒያ ያለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ግን ከዚህ ወጣ ይላል። ከ500 ማይል በላይ የእግር መንገድ አለው። ከዚህ ሁሉ ለውሻ የተከለከለው 20 ማይል እንኳ አይሞላም። ፓርኩ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተምዕራብ 75 ማይል ያህል ይርቃል። ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ለሚኖር ሐበሻ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስበት ቦታ ነው ማለት ነው።

ደኑ ሲያዩት ከጥንት የነበረ ይመስላል። አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1935 ሲቋቋም ብዙው መሬት እርሻ፣ የከብት ግጦሽና የተጨፈጨፈ ጫካ ነበር። 500 ያህል ቤተሰቦችም ከቀያቸው ተነስተዋል። ዛሬ ከመሬቱ 95 በመቶው ደን ነው። መንገድ ዳር የድንጋይ አጥርና የቤት መሠረት ቢያጋጥማችሁ የእነሱ ነው። ሌላም የማይረሳ ታሪክ አለ። ፓርኩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቁር ጎብኚዎችን ሉዊስ ማውንቴን በሚባል ለብቻቸው በተከለለ ቦታ ነበር የሚያስተናግደው። ይህ መለያየት ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። አሁን እዚያው ቦታ ማንም ሰው ውሻውን ይዞ ድንኳን ይተክላል።

በፓርኩ መሀል ስካይላይን ድራይቭ የሚባል 105 ማይል የመኪና መንገድ ያልፋል። ሰሜን ጫፉ ፍሮንት ሮያል፣ ደቡብ ጫፉ ሮክፊሽ ጋፕ ነው። በመሀል ሁለት ሌሎች መግቢያዎች አሉ፣ ቶርንተን ጋፕና ስዊፍት ረን ጋፕ። ፍጥነት ከ35 ማይል አይበልጥም። አድራሻ ሲነገራችሁም በማይል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከሰሜን ይጀምራል።

ይህ መንገድ የሚሄደው በተራራው ሸንተረር ላይ ነው። ለውሻ ጉዞ ትልቁ ነገርም ይሄ ነው። መኪናችሁን የምታቆሙት ከላይ ስለሆነ ብዙው የእግር መንገድ በቁልቁለት ይጀምራል። ውሻው እየፈነጨ ይወርዳል፣ ወንዝ ያገኛል፣ ይንቦራጨቃል። ዳገቱ የሚጠብቀው ሲመለስ ነው፤ ፀሐይ ከበረታች፣ ጉልበቱ ካለቀ በኋላ። ስለዚህ ለመመለሻው ከመውረጃው የበለጠ ሰዓት ያዙ። 30 ኪሎ ውሻ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ቀልድ አይደለም።

መንገዱን በዛፍ ላይ የተቀባው ቀለም ይነግራችኋል። ነጩ ከጆርጂያ እስከ ሜይን የሚዘልቀው የአፓላቺያን መንገድ ነው፤ 101 ማይሉ በዚህ ፓርክ ያልፋል። ሰማያዊው ሌላ የእግረኛ መንገድ ነው። ቢጫው ለፈረስም የተፈቀደ ነው። ቢጫው ላይ ፈረስ ከመጣ ከመንገዱ ወጣ ብላችሁ ውሻውን አስቀምጡት፣ እስኪያልፍ ጠብቁ። ፈረስ ከደነበረ የሚወድቀው ሰው ነው።

የት ይኬዳል? ለጀማሪ ውሻ ማይል 84.8 ላይ ያለው ብላክሮክ ጥሩ ነው። ደርሶ መልስ አንድ ማይል ገደማ ሲሆን ጫፉ ላይ የድንጋይ ክምርና ሰፊ እይታ አለ። ጠንከር ያለ ለሚፈልግ የፓርኩ ከፍተኛው ተራራ ሀክስቢል አለ፣ 4,051 ጫማ ወይም 1,235 ሜትር። ወደ ጫፉ ከሚወስዱት መንገዶች ታችኛው አጭርና ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ ላይኛው ረዘም ብሎ ይለሰልሳል። ላይኛውን ምረጡ። ውሃ ለሚወድ ውሻ ደግሞ ከፊሸርስ ጋፕ የሚነሳው የሮዝ ሪቨር ዙሪያ መንገድ አለ። 4 ማይል ያህል ነው፤ ወንዝም ፏፏቴም ታገኙበታላችሁ።

የተከለከሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ችግሩ ስመ ጥሮቹ እነሱ መሆናቸው ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ኦልድ ራግ ውሻ አያስገባም። በድንጋይ መሀል በእጅ በእግር እየተንጠላጠሉ የሚወጣበት ስለሆነ ነው። ቤርፌንስም እንዲሁ። ዳርክ ሆሎው ፏፏቴም ክልክል ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፣ ሰውም ይበዛበታል። ስቶኒ ማን፣ ሊምበርሎስት፣ ፎክስ ሆሎው፣ የፍሬዚየርና ስቶሪ ኦፍ ዘ ፎረስት የሚባሉት አጫጭር መንገዶችም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። መግቢያው ላይ ምልክት ስላለ አላየሁም ማለት አያዋጣም። ዳርክ ሆሎው ድረስ ነድቶ ውሻውን መኪና ውስጥ ቆልፎ የሚወርድ ሰው አይጠፋም። በበጋ ይህን ማድረግ እንስሳውን መግደል ነው። የቆመ መኪና ውስጡ በደቂቃዎች ይግላል።

በተፈቀደው መንገድ ላይ ያለው ዋና ሕግ አንድ ነው፤ ውሻው ሁልጊዜ ከ6 ጫማ በማይረዝም ማሰሪያ ይያዛል። 6 ጫማ ማለት 1.8 ሜትር ገደማ ነው። ቁልፍ ሲጫኑት የሚረዝመው ገመድ እዚህ አይሠራም። ጫካ ውስጥ ዛፍ ለዛፍ ከመጠላለፍ በቀር ጥቅም የለውም። ሰው ከፊት ሲመጣ ገመዱን አሳጥራችሁ ዳር ያዙ። «አይነክስም» የማይል ባለውሻ የለም፤ የሚፈራ ሰው ግን ይህን ሰምቶ መፍራቱን አይተውም። ከኛ ሰው ውስጥ ውሻን የጊቢ ጠባቂ ብቻ አድርጎ ያደገ ብዙ ነው። ዘመድ ይዛችሁ ስትሄዱ ይህን አስቡ።

ማሰሪያው ለሰው ብቻ አይደለም። ፓርኩ ጥቁር ድብ፣ አጋዘንና መርዘኛ እባብ አለው። የተፈታ ውሻ ድብ ካየ ያሳድዳል። ድቡ ዞሮ ሲመጣበት ደግሞ ውሻው የሚሮጠው ወደ ጌታው ነው፣ ድቡን ከኋላው አስከትሎ። አጋዘን ተከትሎ የጠፋን ውሻ መፈለግም ሌላ ጣጣ ነው፤ በብዙ ሸለቆ ውስጥ ስልክ አይሠራም።

የዱር እንስሳን ከውሻ የመጠበቁ ጉዳይ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ሊሆን አይገባም። በባሌ ተራሮች የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ጠላት ከአርብቶ አደሩ ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አካባቢ ናቸው፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ያሉት። የእብድ ውሻ በሽታ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ባሌ ላይ እየተመላለሰ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። ከጥበቃው ሥራ አንዱ የመንደር ውሾችን መከተብ የሆነውም ለዚህ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥም ከ4 ወር በላይ የሆነ ውሻ የዚህን በሽታ ክትባት እንዲወስድ ሕጉ ያስገድዳል። ጫካ ከመሄዳችሁ በፊት ቀኑ እንዳላለፈ እዩ።

የሰገራው ነገር ብዙ ሰው ያጨቃጭቃል። «ጫካ ነው፣ ይበሰብሳል» ይባላል። የውሻ ሰገራ ጥገኛ ተሕዋስያንን ወደ ወንዙ ይዞ ይገባል፤ የሚያነሳው ባለቤቱ ነው። በፌስታል አስሮ «ስመለስ እወስደዋለሁ» ብሎ ዛፍ ሥር ማስቀመጥ የባሰ ነው። ሲመለሱ የሚረሳ ነገር ነው፣ ፌስታሉም አይበሰብስም።

ውሃ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ ለእናንተም ለእሱም። የወንዝ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ጃርዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖረው ይችላል፤ ውሻም ይታመምበታል። ተራራው ከሜዳው 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ሆኖም በሐምሌ ሙቀት ይህ ብዙ አይረዳም። ውሻ እንደ ሰው ገላው አያልበውም፣ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉት ይህን በደንብ ስለማይችሉ ቶሎ ይጎዳሉ። ማለክለኩ ካልቆመ፣ ድዱ ደማቅ ቀይ ከሆነ፣ መንገዳገድ ከጀመረ ጉዞው አለቀ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ሰውነቱን በውሃ አርሱት፣ አራግቡት። ከዚያ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም።

ምሳ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ የኛን ሰው ይመለከታል። ፓርኩ ውስጥ ባለው ሰፊ ሜዳ፣ ቢግ ሜዶስ፣ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ጥብስና ዶሮ ወጥ ሲቀርብ ለውሻው ማጉረስ ያጓጓል። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ቀይ የደም ሴሉን ያፈርሳል። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ሊወጋ ይችላል። ዘቢብ የተቀላቀለበት ቆሎና ቸኮሌትም አይሰጥም። ዘቢብ ኩላሊት ይጎዳል።

ፓርኩ ውስጥ መርዘኛ እባቦች ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ኮፐርሄድና የጫካው ራትልስኔክ። ሞቅ ባለ ቀን ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ውሻ የሚነደፈው ብዙ ጊዜ አፍንጫው ላይ ነው፣ ምክንያቱም አሽትቶ ነው የሚያየው። ቁስሉን መብጣትም መምጠጥም አይረዳም። ከቻላችሁ ተሸከሙት፣ ካልቻላችሁ ቀስ ብሎ ይራመድ፣ ሐኪም ጋ ይድረስ።

ከድቡም ከእባቡም ይልቅ የሚያሰጋው ግን መዥገር ነው። ላይም የሚባለውን በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ የምታስተላልፈው መዥገር ገና ሳታድግ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ ጸጉር ውስጥ ለማግኘት ዓይን ትፈትናለች። በሽታውን ለማስተላለፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት። ስለዚህ የዚያኑ ማታ መፈተሽ ብዙ ያድናል። በመዳፍ እየዳሰሳችሁ ጆሮው ውስጥ፣ ብብቱ፣ የጣቶቹ መሀል፣ የጅራቱ ሥርና ከአንገት ቀበቶው ሥር ያለውን ሁሉ እዩ። ካገኛችሁ በወረንጦ ቆዳው ድረስ ተጠግታችሁ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ክብሪት፣ ጋዝ፣ ቫዝሊን የሚባለውን ተዉት። የውሻው ሐኪም የሚያዘው መከላከያ ክኒን ወይም ጠብታ አለ፣ ለላይምም ክትባት አለ። የበሽታው ምልክት ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ውሻው ያለ ምክንያት ማነከስ ከጀመረ ወይም ምግብ ከጠላ፣ ጫካ ገብቶ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩት።