«ቲፕ መቀየር» ምንድን ነው?

ስለ ቲፕ፣ ማለትም በፑል መጫወቻው በትር (ስቴካ) ጫፍ ላይ ስለሚለጠፈው ቆዳ፣ ያንኑ ቅሬታ ሰሞኑን እንደገና ሰማሁት። «ቲፑን ሦስት ጊዜ ቀየርኩት፣ ሦስቴም ወደቀ። ጠንካራ ማጣበቂያ የት ይገኛል?» ይህን የሚለኝ ሰው ቲፕ ቀይሮ አያውቅም፤ ሦስት ጊዜ ቆዳ ለጥፏል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ከአንዱ ማጣበቂያ ወደ ሌላው የሚዘለውን ሁሉ ሳይ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ይመጣብኛል።

ቲፕ መቀየር ማለት የስቴካውን አፍ እንደ አዲስ ማስተካከል ነው። ከቆዳው ሥር ያለችው ፌሩል የምንላት ቀለበት አፏ ለጥ ያለ መሆን አለበት፤ ያ ለጥ ያለ ገጽ ደግሞ ለእንጨቱ ርዝመት በትክክል 90 ዲግሪ መያዝ አለበት። አዲሱን ቆዳ ማስቀመጥ ከሥራው ሁሉ አጭሩና ቀላሉ ነው።

ጫማ ሰፊ ሶል ሲለጥፍ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ማጣበቂያውን ከመክፈቱ በፊት አሮጌውን ይልጣል፣ ሁለቱንም ገጽ ሞርዶ ሸካራ ያደርጋል፣ አቧራውን ይጠርጋል። ከዚያ ስስ አድርጎ ይቀባል፣ ይጫናል። ሶሉ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ባለጫማው ያነክሳል፤ መንገዱ ጎርባጣ ነው ብሎ ያማርራል እንጂ እግሩ ሥር አያይም። ገጹ ዘንበል ባለ ስቴካ የሚጫወትም እንዲሁ ነው። ነጯን ኳስ መሃሏን የመታ ይመስለዋል፤ ቆዳው ግን ጎኗን ነክቷታል። ከዚያ ጥፋቱን በእጁ ላይ፣ በጠረጴዛው ላይ ያላክካል። ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሶል ክብደት ተሸክሞ የሚውል ነው፣ ቲፕ ግን ኳሷን የሚነካት ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ጫማ ቀስ ብሎ ይላቀቃል፤ ቲፕ በምት ይፈናጠራል።

ልዩነቱ ያለው በዚያች ምት ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ሱፐር ግሉ ቀጥ ብሎ ለመጣ ጉተታ ብርቱ ነው። ከአንድ ጠርዝ ጀምሮ ለሚገሽልጥ ኃይልና ለድንገተኛ ምት ግን ደካማ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። በዚያ ላይ ጥንካሬው ያለው ስስ ሆኖ ሲቀባ ነው። ሁለቱ ገጾች ካልገጠሙ በመሃላቸው የሚሞላው ማጣበቂያ ወፍራም ይሆናል፣ የወፈረበት ቦታም መጀመሪያ የሚሰነጠቅበት ነው። «አብዝቼ ቀባሁበት» ማለት እንግዲህ «እንዲወድቅ አመቻቸሁት» ማለት ነው።

ስቴካ ድሮ ባዶ እንጨት ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጫፉ ላይ ቆዳ በማዋል ስሙ የሚነሳው ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ሚንጎ ነው። ቆዳው ጠመኔ ስለሚይዝ ነጯን ከመሃሏ ርቆ መምታትና ማሽከርከር ተቻለ። የፑል ኳስ ስፋቷ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመሃሏ 14 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪርቅ ድረስ ቆዳው ሳይንሸራተት ይመታል። ግን ከመሃል በራቀ ምት ሁሉ ቆዳው በአንድ ጠርዙ ይጫናል፣ በሌላው በኩል ይሳባል። ይህ ሱፐር ግሉ የማይችለው ያው ግሽለጣ ነው። ገጹ ለጥ ብሎ ከገጠመ ይቋቋመዋል፤ ካልገጠመ የትኛውም ማጣበቂያ አያድነውም።

ታዲያ በራስ ወይስ በባለሙያ? እኔ በቶርኖ ነው የምሠራው፤ ቢሆንም በእጅ አይቻልም የሚለውን አልቀበልም። ቶርኖ የሚሰጠው ዋና ነገር ያንን 90 ዲግሪ ነው። በእጅ የሚሠራ ሰው አሮጌውን ቆዳ በምላጭ ያንሳ፤ የቀረውን ማጣበቂያ ሙልጭ አድርጎ ያጽዳ፤ አዲሱ ማጣበቂያ አሮጌው ላይ ከያዘ ፌሩሏን አልያዘም። ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግቶ የአዲሱን ቆዳ ጀርባ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይፈግ። ወረቀቱን በጣቱ ይዞ የሚፈግ ሰው ሳያውቀው ጠርዙን ያከበዋል። ፌሩሏን ሲያስተካክል ደግሞ ስቴካው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ነገር ያዘጋጅ፤ በዓይን ግምት አይሆንም። ከእሷ የሚነሳው ከፀጉር ውፍረት አይብለጥ፤ በየጊዜው ብዙ የተፋቀች ፌሩል አጥራ መቀየር ግድ ይሆናል።

ማጣበቂያው ወፈር ያለው ጄል ዓይነት ቢሆን ይሻላል። እንደ ውሃ የሚፈሰው ቆዳው ውስጥ ሰርጎ ሥሩን ድንጋይ ያደርገዋል። አንድ ጠብታ ይበቃል። አንድ ሌሊት ይደር፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቢይዝም ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 24 ሰዓት ያህል ይፈልጋል።

የካርቦን ፋይበር ስቴካ ከሆነ ግን ለባለሙያ ስጡት። ምላጭ ስቶ የቧጨረው እንጨት ይጠገናል፤ የተሰነጠቀ ካርቦን አይመለስም። ባለሙያ ጋ ስትሄዱም «ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ከማለት «አፉን በምን ታስተካክለዋለህ?» በሉት። ለዚህ መልስ የሌለው ሰው እናንተም ቤት የምትችሉትን ነው የሚሠራላችሁ።

ሌላም አለ፤ «ለስላሳ ቲፕ ኳሷን የበለጠ ያሽከረክራል» እየተባለ ለምርጫው ብቻ የሚጨነቁ አሉ። ማሽከርከርን የሚወስነው ከመሃል ምን ያህል ርቃችሁ፣ በምን ፍጥነት እንደመታችሁ ነው። ልስላሴ ስሜቱንና ድምፁን ይለውጣል፣ ጠመኔም ሊያቆይ ይችላል፤ ለስላሳው ቲፕ ግን ቶሎ ተንቦርቅቆ በየጊዜው መስተካከል ይፈልጋል። የአንዱ ፋብሪካ «መካከለኛ» ደግሞ የሌላው «ጠንካራ» ሊሆን ይችላል።

ቲፑ ከወደቀባችሁ ቆዳውን አትጣሉት። ገልብጡና ጀርባውን እዩት። ማጣበቂያው በሙሉ ቆዳው ላይ ቀርቶ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ፌሩሏ አልጸዳችም ነበር። ማጣበቂያው ፌሩሏ ላይ ቀርቶ ቆዳው ንጹሕ ከሆነ ጀርባው ሸካራ አልተደረገም። መሃሉ ላይ ወፍሮ ወደ ጠርዙ ከሳሳ ፌሩሏ ጎድጉዳለች፤ ጠርዙ ላይ ወፍሮ መሃሉ ከሳሳ ከሁለቱ አንዱ ከብቷል። ፌሩሏ ላይ የተቀደደ የቆዳ ጭረት ከቀረ ግን ማጣበቂያውም እጃችሁም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ያለቀው ቆዳው ነው።