ይሉኝታ ምንድን ነው?

ጥር ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ውርጭ ይወርዳል። ከመንዝ የመጡት አክስቴ ሰው ቤት ገብተዋል። ከነጋ እህል አልቀመሱም። ምሳ ሲቀርብ ግን «ኧረ በልቻለሁ» ይላሉ። ሦስት ጊዜ «በሞቴ» ካልተባሉ እጃቸውን አይሰዱም። የ20 ዓመት ልጃቸው «እኔስ ርቦኛል» ብላ ቀረበች። አክስቴ በዓይናቸው ቆነጠጧት።

ያ ቁንጥጫ ይሉኝታ ነው። ቃሉ የወጣው «ይሉኛል» ከሚለው ነው። «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ጭንቀት ስም ወጣለት። ሐፍረት ብዙ ጊዜ ካጠፋን በኋላ ይመጣል። ይሉኝታ ግን ገና ሳናጠፋ ይይዘናል።

የማን ልጅ እንደሆንክ ሁሉም በሚያውቅበት ቀዬ ይሉኝታ ዳኛ ነበር። ብር ያለ ወረቀት ይበደራል። ተበዳሪው ማኅበር ላይ ፊቱን ማሳየት ስላለበት ይከፍላል። ከለቅሶ ቤትም ማንም አይቀርም።

ይኸው ዳኛ ግን ይበድላል። «ቆማ ቀረች» እንዳትባል ስንቷ በልጅነቷ ተድራለች! በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር። በ1995 የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ 18 አደረገው። የሰው አፍ ግን በአዋጅ አይዘጋም። ለድግስ ተበድሮ ዓመት ሙሉ ዕዳ የሚገፋውም (በእኛም ቤት ደርሷል) ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው።

«የዛሬ ልጆች ይሉኝታ የላቸውም» ሲባል አልስማማም። አክስቴ ያበደሩትን ብር ለመጠየቅ ሦስት ዓመት ያፍራሉ። ልጃቸው «ብሬን መቼ ነው የምትሰጪኝ?» ትላለች፣ ፊት ለፊት። ያቺው ልጅ አንድ ፎቶ ለመልቀቅ ሦስት ጊዜ ልብስ ትቀይራለች። የተለወጡት «ይሉኛል» ውስጥ የተደበቁት «እነሱ» ናቸው። ለእናትየው ጎረቤትና የደብሩ ሰው ናቸው። ለልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿና ቲክቶክ ላይ ያሉ፣ አባቷን የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ታዲያ ስታረጅ እንደ እናቷ ትሆናለች? ካርል ማንሃይም የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1928፣ ትውልድን ትውልድ የሚያደርገው በወጣትነቱ አብሮ ያለፈበት ዘመን ነው ብሎ ጽፏል። በእሱ ከሄድን አትሆንም። እናትየው ግን ወደ ልጅቷ እየቀረቡ ነው መሰለኝ። ባለፈው ሰርግ ላይ ልጅቷ ስልኳን ስታነሳ አክስቴ «ቆይ፣ ነጠላዬን ላስተካክል» አሉ።

«ለማን ብለሽ ነው እማዬ?»

«ቴሌግራም ላይ ልትለቂው አይደል?»