የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች የእርምጃ መዝገብ ምንድን ነው?

መንግሥት አንድን ድርጅት ሲመረምር፣ ሲቀጣ ወይም ከሥራ ሲያግድ የሚጽፈው ነገር አለ። መቼ እንደተመረመረ፣ ምን ጉድለት እንደተገኘበት፣ ምን እርምጃ እንደተወሰደበት ይሰፍርበታል። ይህ ጽሑፍ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተቆልፎ ከመቀመጥ ይልቅ ማንም ሰው ሳይከፍልና ማመልከቻ ሳይጽፍ በኢንተርኔት እንዲያየው ሲደረግ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የእርምጃ መዝገብ እንለዋለን።

አሜሪካ ውስጥ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የመረጃ ነፃነት ሕግ ነው። በ1996 ሲሻሻል ደግሞ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃቸውን ሰነዶች መሥሪያ ቤቶች በኢንተርኔት እንዲያወጡ ግዴታ ተጣለባቸው። ዛሬ የሥራ ቦታ ደህንነት ተቆጣጣሪው ኦሻ የፈተሻቸውን ድርጅቶች፣ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ የጻፋቸውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች፣ የመንግሥቱ የአረጋውያን ጤና መድን ሜዲኬር ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያዎችን የፍተሻ ውጤት ያወጣሉ።

ለእኛ ሰው ከሁሉም የሚቀርበው ግን የትራኩ መዝገብ ነው። ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አውጥቶ ትራክ የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ሥራ የሚገባው ጓደኛ ወይም ዲስፓቸር (ጭነት የሚመድበው ሰው) በስልክ በነገረው ላይ ተማምኖ ነው። የፌዴራሉ የትራክና የአውቶቡስ ካምፓኒዎች ተቆጣጣሪ ኤፍኤምሲኤስኤ ስለዚያው ካምፓኒ የሚያውቀውን ሴፈር በሚባል ገጹ ላይ ዘርግቶታል። በትራኩ በር ላይ የተጻፈውን የዶት ቁጥር (የካምፓኒውን የፌዴራል መለያ ቁጥር) ማስገባት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የሚከፈተው ገጽ አንድ ነው፤ ግን ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ ካምፓኒው እንዲሠራ የተፈቀደለት ወይም የታገደ መሆኑ ይታያል። ቀጥሎ ስንት መኪናና ስንት ሾፌር እንዳለው፣ ይህንንም መረጃ መጨረሻ ያደሰበት ቀን አለ። በየሁለት ዓመቱ ማደስ ግዴታ ስለሆነ፣ ቀኑ የቆየ ከሆነ ቢሮው ሌላውንም ወረቀት በወቅቱ እንደማይሠራ መጠርጠር ይቻላል። ከዚያ ወረድ ብሎ ያለፉት 24 ወራት ኢንስፔክሽኖች (ፍተሻዎች) ተደርድረዋል። እኔ ቶሎ ዓይኔን የምጥለው እዚህ ጋ ነው። ለምሳሌ የአንድ ካምፓኒ መኪኖች 20 ጊዜ ተፈትሸው 9 ጊዜ አውት ኦፍ ሰርቪስ ከተደረጉ (እስኪጠገኑ እንዳይንቀሳቀሱ ከታገዱ) ገጹ 45 በመቶ ይላል፤ እዚያው የሚታየው የአገሪቱ አማካይ ከ20 በመቶ ብዙም የራቀ አይደለም። ይህ ማለት ፍሬኑ፣ ጎማው ወይም መብራቱ ሳይጠገን ሾፌር መንገድ ላይ ይላካል ማለት ነው። መንገድ ዳር ቆሞ መካኒክ የሚጠብቀውም፣ ሎዱ ሲዘገይ የሚወቀሰውም ያው ሾፌር ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የአደጋ ቁጥሩ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይናገርም፤ በቀይ መብራት የቆመ ትራክ ከኋላ ቢገጭና ከተጋጩት አንዱ በጎታች ቢነሳ ያም ይቆጠራል። የደህንነት ደረጃው ቦታ ባዶ ከሆነም ካምፓኒው ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ገብቶ ሙሉ ምርመራ ያደረገበት የለም ማለት ነው። አብዛኞቹ ካምፓኒዎች ደረጃ የላቸውም።

የመዝገቡ ትልቁ ቀዳዳ ስም መቀየር ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 ከሂዩስተን ወደ ሚዙሪ ለመንፈሳዊ በዓል ምእመናን የጫነ አውቶቡስ ቴክሳስ ሸርማን አጠገብ ከድልድይ ወድቆ 17 ሰው ሞተ። የፈነዳው የፊት ጎማ እንደገና የተለበጠ ነበር፤ በአውቶቡስ ፊት እግር ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ጎማ ክልክል ነው። የአውቶቡሱ ባለቤት ሌላ ካምፓኒ በሰኔ ታግዶ ነበር፤ አውቶቡሱ የተነሳው በአዲስ ስም ነው። ስለዚህ ሁለት ወር ያልሞላው የዶት ቁጥር ንጹሕ ሆኖ ቢታይ፣ በአድራሻውና በስልክ ቁጥሩ ሌላ ካምፓኒ መኖር አለመኖሩን መፈለግ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የወጣ ሕግ ደግሞ የጭነት ካምፓኒዎችን ከእኩዮቻቸው ጋር የሚያወዳድረውን ነጥብ ከሕዝብ ዓይን አውጥቶታል፤ የመንገደኛ ማመላለሻዎች ነጥብ ግን አሁንም ይታያል። ጥቂት መኪና ያላቸው ካምፓኒዎች በጥቂት ኢንስፔክሽን ይፈረድባቸዋል የሚለው ቅሬታ እውነት አለው። ቢሆንም ነጥቡን ከመደበቅ አሠራሩን ማስተካከል ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ደግነቱ እያንዳንዱ ኢንስፔክሽንና የተገኘው ጥፋት ኤስኤምኤስ በሚባለው የኤፍኤምሲኤስኤ የደህንነት መለኪያ ገጽ ላይ አሁንም አለ።

የሾፌሩ የግል መዝገብ ለሕዝብ አይታይም። ፒኤስፒ በሚባለው ሥርዓት የአምስት ዓመት አደጋና የሦስት ዓመት ኢንስፔክሽን ይያዛል፤ ቀጣሪ የሚያየው ሾፌሩ በጽሑፍ ከፈቀደ ብቻ ነው። ሾፌሩ ግን የራሱን መዝገብ በፈለገ ጊዜ ማውጣት ይችላል፣ ያውጣም። ያልፈጸመው ጥፋት በስሙ ተመዝግቦ ካገኘ ዳታኪውስ በሚባለው ገጽ ያመለክታል፤ ጥያቄው ተመልሶ የሚሄደው ኢንስፔክሽኑን ወደጻፈው ስቴት ነው። ለዚህ የሚጠቅመው ያን ቀን ከመኮንኑ የተቀበለው ወረቀት ስለሆነ፣ ለካምፓኒው ከመስጠቱ በፊት ፎቶ አንስቶ ማስቀረት አለበት።