ከቴስታታ ጥገና በኋላ የቫልቮላ ጂኦሜትሪ መዛባት

የቫልቮላ ጂኦሜትሪ የሚባለው የካምሻፍቱን (ቫልቮላዎቹን የሚያስከፍተውን ዘንግ) ግፊት ወደ ቫልቮላው (አየር ማስገቢያውንና ጭስ መውጫውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) የሚያደርሱት ክፍሎች እርስ በርሳቸው ያላቸው ቁመትና ማዕዘን ነው። ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን) ተጠግኖ ይህ ልኬት ሳይነካ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከብሎኩ ጋር የሚገጥመው ፊቱ ሲላግ ሮከር አርሙ (የቫልቮላውን ግንድ የሚገፋው ማንሻ) ወደ ካምሻፍቱ ይቀርባል፤ ቫልቮላው ሲዘጋ የሚያርፍበት መቀመጫ ሲሳል ደግሞ ቫልቮላው ሰምጦ የግንዱ ጫፍ በሮከሩ በኩል ከፍ ይላል። ሁለቱም በሮከሩና በግንዱ ጫፍ መካከል ያለውን ክፍተት ያጠባሉ። በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባ ወፍራም ጓርኒሲዮን የመጀመሪያውን ለውጥ በከፊል ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውን ግን አይነካውም።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ካምሻፍታቸው ብሎኩ ውስጥ ሆኖ በፑሽሮድ (የካምሻፍቱን ግፊት ወደ ሮከሩ በሚያደርስ ዘንግ) በሚሠሩ ሞተሮች ላይ ነው፤ በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣው የሼቭሮሌ ስሞል ብሎክ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጥገናው አልቆ ሞተሩ ሲነሣ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከተሰማ ክፍተቱን ማስተካከል የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ብዙዎች እዚያው ያቆማሉ፤ ስሕተቱም ይህ ነው። ክፍተት ሌላ፣ ጂኦሜትሪ ሌላ። ክፍተቱ በትክክል ተሞልቶም ሮከሩ የግንዱን ጫፍ በተጣመመ ማዕዘን ሊገፋው ይችላል። ግንዱ ወደ ጎን በተገፋ ቁጥር የቫልቮላው ጋይድ (ግንዱ የሚንሸራተትበት ቱቦ) ይበላል፣ ዘይት ያሳልፋል፤ ሰማያዊው ጭስ የሚመጣው ግን ከወራት በኋላ ስለሆነ ከጥገናው ጋር የሚያያይዘው ሰው አይገኝም።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የግንዱ ጫፍ በማርከር ቀለም ይቀባል፣ ሞተሩ በእጅ ጥቂት ዙር ይዞራል፣ ከዚያም ሮከሩ የፋቀው መስመር ይታያል። ጠባብ ሆኖ ወደ መሃል የተጠጋ መስመር ጥሩ ምልክት ነው። እንደ ሼቭሮሌው በየራሱ ምሰሶ ላይ በቆመ ሮከር፣ መስመሩ ወደ ጭስ መውጫው በኩል ካዘነበለ ፑሽሮዱ ረዝሟል፣ ወደ አየር ማስገቢያው በኩል ካዘነበለ አጥሯል ማለት ነው። ሆኖም ከመሃልነቱ ይልቅ ጥበቱ የበለጠ ይናገራል፤ መስመሩ እጅግ የሚጠበው ቫልቮላው ግማሽ መንገድ ሲከፈት ሮከሩ ከግንዱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠራ ነውና። የመሃል ሕግ ለሁሉም አይሠራም። በኢትዮጵያ መንገዶች ለረጅም ዘመን በታወቀው ቮልስዋገን ቢትል ላይ፣ ቫልቮላው እየተሽከረከረ በእኩል እንዲያልቅ የማስተካከያው ብሎን ሆን ተብሎ ከመሃል ፈቀቅ ይላል። እርሱን መሃል ለማምጣት መድከም ጉዳት እንጂ ጥገና አይደለም።

ሃይድሮሊክ ታፔት (ክፍተቱን በዘይት ግፊት ራሱ የሚሞላ ክፍል) ያለው ሞተር ድምፅ ላያሰማ ይችላል፤ ዝምታው ያሳስታል። ፑሽሮዱ ታፔቱን ከልክ በላይ ከተጫነው ቫልቮላው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን ይወርዳል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ ሆኖ በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ አየር ይለቀቃል፤ ሮከሩ ሲላላ የሚያፈስሰው አየር ከቆመ፣ ጥፋቱ የመቀመጫው ሳይሆን የቁመቱ ነው።

ካምሻፍታቸው ቴስታታው ላይ ባሉ ሞተሮች ታሪኩ ይለያል። ፊቱ በመላጉ ካምሻፍቱ ወደ ኮሎ (ክራንክሻፍት) ስለሚቀርብ የቫልቮላ መክፈቻ ጊዜ በጥቂቱ ይዘገያል። በሙቀት የተጣመመ ቴስታታ ከታች ብቻ ከተላገ ደግሞ ካምሻፍቱ የሚተኛበት መስመር እንደተጣመመ ይቀራል፤ ስለዚህ ቫልቮላዎቹ ሳይገቡ ካምሻፍቱ በእጅ ያለ ችግር መዞሩ መታየት አለበት። እንደ ቶዮታ 1ኤችዜድ ባሉ ሞተሮች ክፍተቱ የሚሞላው በተለያየ ውፍረት ባላቸው ዲስኮች ነው።

አዲስ ፑሽሮድ የሚታዘዘው ርዝመቱ በሚስተካከል መሞከሪያ ፑሽሮድ ከተለካ በኋላ ነው። መቀመጫዎቹ እኩል ስላልተሳሉ አንዱን ቫልቮላ ለክቶ ለሁሉም መወሰን አያዋጣም። የረዘመውን ግንድ ጫፉን ፍቆ ማሳጠርም ገደብ አለው፤ የጠነከረው ሽፋን ስስ ነው፣ ከተገፈፈ ከስሩ ያለው ለስላሳ ብረት በፍጥነት ይጎደጉዳል።